የተተወች ጥግን በሰፈር እጅ የአበባና የሥዕል ቦታ ማድረግ፦ ለጎንደር የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በጎንደር በየሰፈሩ ባለቤት የሌላቸው ለሚመስሉ ጥጋጥጎች ነው። በሁለት አጥር መካከል የቀረች ቁራሽ መሬት፣ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ትርፍራፊ፣ ፌስታል የሚጣልበት ተዳፋት፣ «መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ የተጻፈበትና ያለማቋረጥ የሚሸናበት ግንብ ሥር፤ ሰው ሁሉ በየቀኑ ያልፍባቸዋል፣ የኔ የሚላቸው ግን የለም።

እንዲህ ያለውን ቦታ አጽድቶ መትከል በሌላው ዓለም «የሽምቅ አትክልተኝነት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሊዝ ክሪስቲ የተባለች የኒው ዮርክ ሠዓሊ ከጎረቤቶቿ ጋር ቆሻሻ የሞላበትን ባዶ ቦታ ጠርጋ አትክልት ተከለችበት፤ ቡድኑም ራሱን «አረንጓዴ ሽምቅ ተዋጊዎች» አለ። ብዙ ጊዜ የማይወራው ግን በሚቀጥለው ዓመት የከተማው አስተዳደር ቦታውን በወር አንድ ዶላር እንዳከራያቸው ነው። እነሱ በወረቀት ጨረሱ፤ እኛ ደግሞ ከወረቀት ብንጀምር ይሻለናል። ምክንያቱን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

ችግኝ መትከል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ አገር ምድሩ ይተክላል። ጭንቁ የሚመጣው ከጥቅምት በኋላ፣ ዝናቡ ሲቆምና ፎቶው ተነሥቶ ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ጀሪካን የሚሸከመው ማን ነው? ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው አሠራር ተከላውን በክረምት፣ ሥዕሉን በበጋ ያደርጋል። ሰዉን በበጋ ወደ ቦታው የሚመልስ ነገር ከሌለ ችግኙ ታኅሣሥን አያይም።

1. ቦታ መምረጥ፤ ሚያዝያና ግንቦት

ከመቆፈራችሁ በፊት ቦታውን ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ እየሄዳችሁ ተመልከቱት። ማን ያልፍበታል? ቆሻሻውን የሚጥለው ማን ነው፣ በስንት ሰዓት? ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ከሆነ ተዉት፤ የልጆችን ሜዳ ነጥቆ አበባ የተከለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከኳስ ጋር ሲታገል ይኖራል። ቅዳሜን በተለይ አትዝለሉ። ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚነዳው አህያና በግ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ምን እየቀነጠበ እንደሚሄድ ሳታዩ የተከላችሁት ሁሉ መኖ ይሆናል።

ለመጀመሪያ ዓመት ከ30 ካሬ ሜትር አትለፉ። ነገሩ የውሃ ሒሳብ ነው። አንድ ለጋ ችግኝ በደረቁ ወራት በሳምንት ወደ 10 ሊትር ይፈልጋል ብላችሁ አስቡ። 20 ችግኝ ከሆነ 200 ሊትር፣ ማለትም 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ያውም በየሳምንቱ፣ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ሳያሰሉ መቶ ችግኝ መውሰድ ጠብ መዝራት ነው፤ ለልጅ የሚጠጣ ውሃ በጠፋበት ቀን አበባ የሚያጠጣ ሰው በሰፈሩ አይወደድም።

ራሱ የበቀለውን አረምም እዩ። ሳማ፣ ጉሎና አስተናግር ጥቅጥቅ ብለው ከበቀሉ አፈሩ በብስባሽ የሰባ ነው፤ ለተከላ መልካም ዜና ነው። ሆኖም አስተናግርና የጉሎ ፍሬ መርዛማ ናቸውና ልጆች ከመግባታቸው በፊት ተነቅለው ይወገዱ። ቅንጨ አረም ካለ ሳያብብ ንቀሉት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስምም ይቀሰቅሳል፣ ስለዚህ ጓንት አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። የተቃጠለ ዘይት የፈሰሰበት ወይም አሮጌ ባትሪ የተከመረበት ጋራዥ ዳር ከሆነ የሚበላ ነገር ፈጽሞ አትትከሉ፤ አበባና የጥላ ዛፍ ይበቃዋል።

ጎንደር ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ነገር ግን ጥንታዊ ግንብ ያለው በግቢው ውስጥ ብቻ አይደለም። ቁስቋም አለ፣ የአፄ ፋሲል መዋኛ አለ፣ በየሰፈሩም ዘመኑ የማይታወቅ የካብ ቅሪት አለ። በመዋኛው ዙሪያ ሥራቸው ግንቡን ጨብጦ ከወረደው ዛፎች ጋር ፎቶ ያልተነሣ የለም። ውበታቸው አይካድም፤ ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያላቅቀውም ያው ሥር ነው። ስለዚህ በአሮጌ ግንብ ሥር ዛፍ አትትከሉ፣ ድንጋዩን ቀለም አትቀቡ፣ ምስማርም አትምቱበት። ስትቆፍሩ የተጠረበ ድንጋይ፣ አሮጌ ሸክላ ወይም አጥንት ከወጣ ሥራውን አቁማችሁ ለከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ተናገሩ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

2. ፈቃድ፤ ከቡና እስከ ቃለ ጉባኤ

ፈረንጆቹ ሌሊት ወጥተው መትከል ይወዳሉ። እዚህ አይሞከርም። በውድቅት ሌሊት ዶማና አካፋ ይዞ የተገኘ ሰው ወይ መሬት ወራሪ ነው፣ ወይ ወርቅ ቆፋሪ ነው፣ ወይ ከዚያ የባሰ ነገር ነው፤ «አበባ ልተክል ነው» ቢል የሚያምነው የለም። ሥራው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ እያየ ይሁን።

መጀመሪያ የሚጠየቁት ቦታውን ከደጃፋቸው የሚያዩት ቤቶች ናቸው። ወረቀት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሂዱ። በእናቶች ቡና ላይ «ይሁን» ያልተባለ ነገር በስብሰባ ቢጸድቅም ወደ ሥራ አይገባም። አነጋገሩ ቀላል ነው፦ «እማማ፣ ከደጅዎ ያለችውን ቆሻሻ አንሥተን ጤና አዳምና አሪቲ ልንተክልባት አስበናል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ጎርፉ በየት እንደሚመጣ፣ ማን በማታ ፌስታል እንደሚወረውር፣ ቀደም ሲል ቦታውን ሊያጥር የሞከረው ሰው ከማን ጋር እንደተካሰሰ፣ ሁሉም እዚያው ይወጣል። ቆሻሻ የሚጥሉትንም ጥሯቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሉት ገንዳው ስለራቃቸው ነው፤ ቆሻሻቸው ወዴት እንደሚሄድ መላ ሳይበጅ አበባ ከተተከለ ክምሩ ወደሚቀጥለው ቅያስ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

ቀጥሎ ዕድሩ አለ። ዕድር አካፋ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ከሁሉም በላይ የሚሰማ ቃል አለው። የሥራ ቀኑን ሽማግሌዎቹ ይምረጡት። በአዲስ ዓለም አካባቢ የዓርብ ቀትር ለጁምዓ ነው፤ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ካልሆነ ሰው አይገኝም፤ በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29 ቀን አፈር መቆፈር የማይወዱ አዛውንቶችም አሉ። ከእነሱ ጋር ቀን መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም።

ከዚያ ወደ ቀበሌ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለቤት የሌለው የሚመስለውም ባለቤት አለው። በጽሑፍ አመልክቱ። ቦታው በኮሪደር ልማት ወይም በሌላ ፕላን ውስጥ መግባት አለመግባቱን አብራችሁ ጠይቁ። ሰው የምትሰበስቡበትን ቀንም ለቀበሌው የጸጥታ ክፍል አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ትልቁን ጥርጣሬ የሚያስነሣው አጥር ነው። በከተሞቻችን የመሬት ወረራ በአጥር ስለሚጀመር፣ ቆርቆሮ ስትዘረጉ ያየ ሰው ከቆርቆሮው በስተኋላ ያለውን አበባ አያይም። አጥራችሁ ከጉልበት የማይበልጥና ቢያንስ በሁለት በኩል ክፍት ይሁን። ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲህ ያለ ቃል ይስፈር፦

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው የሰፈሩ ነዋሪዎች ይህን ክፍት ቦታ አጽድተን አትክልት ለመትከልና ለመንከባከብ ተስማምተናል። ቦታው የጋራ ነው። ማናችንም የይዞታ ጥያቄ አናነሣም፣ ዘግተን አናጥርም፣ ለሌላ ወገን አናስተላልፍም። ቦታው ለሕዝብ ሥራ ቢፈለግ ችግኞቻችንን አንሥተን እንለቃለን።»

ሁሉም ይፈርም። አንዱ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንዱ ለዕድሩ፣ አንዱ ከእናንተ ዘንድ ይቀመጥ።

3. ጽዳትና ንድፍ

ጽዳቱ አንድ ቀን ይፈጃል። ወፍራም ጓንትና ጫማ ያስፈልጋል፤ መርፌ፣ ምላጭና የጠርሙስ ስባሪ ስለሚኖር ቆሻሻው በአካፋ እንጂ በእጅ አይነሣም፣ ልጆችም በዚህ ቀን አይሳተፉም። ድንጋይና የሸክላ ገል ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ ይፈለጋሉ። የሚሸናበት ግንብ ሥር ከሆነ የላይኛውን አንድ ስንዝር አፈር አንሥታችሁ በሌላ ተኩ፤ የተከማቸው ጨው የለጋ ችግኝ ሥር ያቃጥላል።

ንድፉን ወረቀት ላይ አትሥሩ። ከማድቤት አመድ አምጡና ሰዉ በተሰበሰበበት መሬቱ ላይ መስመር አስምሩ፤ እዚህ መደብ፣ እዚያ አበባ፣ እዚያ ዛፍ። ያልወደደ ሰው በእግሩ አጥፍቶ እንደገና ያስምራል። ወረቀት ላይ ያለን ንድፍ የሚነቅፈው የተማረው ብቻ ነው፤ የአመዱን ግን የሰባት ዓመት ልጅም ትለውጠዋለች። አንድ ነገር ብቻ አይነካ፦ ሰዉ የሚያቋርጥበት የእግር መንገድ። እሱን የዘጋ ንድፍ በሳምንቱ ይረገጣል።

4. አፈርና ውሃ፤ ሰኔ ሳያልቅ

ጎንደር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ጎርፍ ያልተያዘ አፈርን ጠርጎ ወደ ወንዝ ይዞት ይሄዳል፤ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የተሠራውን የአንገረብ ግድብ በደለል ያስቸገረውም ይኸው ነው። በተዳፋት ቦታ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በታች በኩል፣ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ግማሽ ጨረቃ በድንጋይ ካቡ፤ ውሃውም አፈሩም እዚያ ይቆማል። እንደ አዘዞ ባለ ሜዳማና ዋልካ አፈር ባለበት ሰፈር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዋልካ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሠርታችሁ ከላዩ ትከሉ።

ጉድጓዱ በጎንም በጥልቀትም 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከተከላው በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ክፍት ይቆይ። ስትቆፍሩ የላዩን አፈር ከታችኛው ለዩ። የላዩ አፈር ከሦስት አንድ እጅ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ወደ ታች ይገባል፤ ትኩስ ፍግ ያቃጥላል፣ አታስገቡት።

አሁን ስለ ሸክላ። ለበጋ ውሃ ቁጠባ ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ የምወደው የተቀበረ ማሰሮ ነው። ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ያልተሟሸ ማሰሮ ግዙ፤ ከተሟሸ ዘይቱ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲተኮስ ቅርጹ የተዛባውን ወይም ለወጥ የማይሆነውን ብትጠይቁ በርካሽ ታገኛላችሁ። በሁለት ወይም በሦስት ችግኝ መካከል እስከ አንገቱ ቅበሩት፣ ውሃ ሙሉት፣ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑት፤ ትንኝ እንዳይራባበትም አይጥ እንዳይወድቅበትም ክዳኑ አይረሳ። ውሃው በሸክላው ግድግዳ እያዛ ሥሩ ዘንድ ይደርሳል፤ አፈሩ በደረቀ መጠን የሚያዛው ይጨምራል፣ አፈሩ ሲረጥብ ይቀንሳል። ከላይ የሚረጭ ውሃ ግማሹ ለፀሐይ ሲሆን ይህ ግን ለሥሩ ነው።

5. ተከላ፤ ሐምሌ

ዛፍ ለ30 ካሬ ሜትር ከአንድ ወይም ከሁለት አይብለጥ። ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ድርቅ ግን ይችላል። ዋንዛ ቶሎ ጥላ ይሰጣል፣ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። የጃንተከልን ዋርካ አይቶ «ዋርካ እንትከል» የሚል አይጠፋም፤ እሱ የሚፈልገው አደባባይ ነው፣ ቅያስ አይበቃውም። ባሕር ዛፍ አይታሰብ። የወፍ ቆሎ አበባው ቢያምርም አታምጡት፤ ወፍ ዘሩን እየበተነ ጋራውን ያስወርረዋል፣ እንቦጭ በጣና ላይ ያደረገውን ያየ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም።

ለዳር ዳሩ ሰንሰል ይሁን፤ ሕያው አጥር ይሆናል፣ ከብትም እምብዛም አይደፍረውም። ለመሐሉ እሬት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጠጅ ሣር፣ አሪቲ፣ ጤና አዳም። እነዚህ ውሃ ብዙ አይጠይቁም፣ ሰውም ይፈልጋቸዋል። ጤና አዳም በብዛት የሚነካካ ልጅ ፀሐይ ላይ ቆዳው ሊቃጠል ስለሚችል እሷ ከልጆች መጫወቻ ራቅ ትበል።

በተከላ ቀን በጣም የተለመደው ጥፋት ችግኙን ከነፕላስቲኩ መቅበር ነው። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቅደዱ፣ አፈሩ ሳይፈርስ አውጡት፣ ከሥር ተጠቅልሎ የዞረ ሥር ካለ ቁረጡት። የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፤ አፈሩን በእጅ እንጂ በተረከዝ አትጠቅጥቁ። ፕላስቲኮቹን ቆጥራችሁ ሰብስቡ፤ ችግኝ 20 ከሆነ ፕላስቲክም 20 መገኘት አለበት።

ልጆች የሚወዱት ሥራ የዘር ድብልብል ነው፤ ማሳኖቡ ፉኩኦካ የተባለው ጃፓናዊ ገበሬ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። አምስት እጅ የሸክላ አፈር፣ አንድ እጅ የተብላላ ፍግ፣ አንድ እጅ ዘር በጥቂት ውሃ ይለወሳል፣ አውራ ጣት በሚያህል ይድበለበላል፣ በጥላ ሁለት ቀን ይደርቃል፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ሰው በማይደርስበት ተዳፋት ላይ ይወረወራል። ዘሩ ባለፈው ኅዳር የተሰበሰበ አደይ አበባ ወይም ከገበያ የተገዛ ያልተቆላ ኑግ ይሁን። ብዙ አትጠብቁ፤ ከሚወረወረው የሚበቅለው ጥቂቱ ነው። የበቀለው ግን ሲያብብ ተዳፋቱን ሁሉ ቢጫ ያለብሰዋል።

6. ጥበቡ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር

ጥቅምት ሲጠባ ዝናቡ ይቆማል፣ ግድግዳው ይደርቃል፣ ሰዉም ከችግኙ መራቅ ይጀምራል። ሥዕሉ መጀመር ያለበት ያኔ ነው። ቀነ ገደቡን ጥር 10፣ ከተራ አድርጉት። ለጥምቀት እንግዳ ከየአገሩ ይገባል፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጁን ይጠርጋል፣ ወጣቱ መንገድ ያስጌጣል፤ እናንተ የምትጨምሩት ለነበረ ጉልበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

የአሳታፊ ጥበብ ሕግ ይህ ነው፦ ሠዓሊው ይጀምራል እንጂ አይጨርስም። ብቻውን የጨረሰው ሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር የሰፈሩ ሰው «የእሱ ሥዕል» ይለዋል፣ ሲቀደድም ሲቆሽሽም ለእሱ ይተውለታል። የሚሠራው ዘዴ የካሬ መስመር ነው። ግድግዳውን በገመድና በከሰል 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሉት። ሠዓሊው ዋናውን ንድፍ በቀጭኑ ያሰፍራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ካሬ ለአንድ ቤት ይሰጣል። ከቤቱ ማን እንደሚሠራው የቤቱ ጉዳይ ነው። ካሬዎቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም፣ መስመሩም በየካሬው ይጣመማል፤ ያንን ለማቃናት ብሩሽ የሚያነሣ ሠዓሊ ካለ ብሩሹን ቀሙት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዋናው ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ከፊት ለፊቱ ያሉት ችግኞች ይመደቡለት። የእማማ ካሬ ሥር ያለው ጠጅ ሣር የእማማ ነው፤ የውሃ ተራ ሰሌዳ ሌላ አያስፈልግም፣ ግድግዳው ራሱ ሰሌዳ ነው። የማን ችግኝ እንደጠወለገ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል።

ቀለም ውድ ነው፤ ኖራ ርካሽ ነው። የኖራ ዱቄት በእጥፍ ውሃ አድርጋችሁ አሳድሩት፣ በጨርቅ አጥሩት፣ እንደ ወተት እስኪቀጥን ውሃ ጨምሩበት፣ አንድ እፍኝ ጨው ጣል አድርጉበት። ግድግዳውን መጀመሪያ በውሃ አርጥቡ፤ በደረቅ ግድግዳ ላይ የተቀባ ኖራ ይቀረፋል። ቀጭን ቀጭን አድርጋችሁ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ በአጠቃላይ ሦስት ጊዜ ቀቡ፤ የቀትር ፀሐይን አስወግዱ። ለቀይ የተነፋ ቀይ አፈር፣ ለጥቁር የተፈጨ ከሰል ጨምሩ፤ ከኖራው ከአሥር አንድ እጅ ከበለጠ ግን ቀለሙ በእጅ ይለቃል። ኖራ ዓይን ያጠፋል። የሚበጠብጠው አዋቂ ይሁን፣ መነጽር ያድርግ፤ ለልጆች የተበጠበጠው ብቻ በትንሽ ጣሳ ይሰጣቸው፣ ውሃም በአቅራቢያው ይኑር።

ግንቡ የሚሸናበት ከሆነ «መስቀል ወይም መልአክ እንሣልበት፣ ሰው ያፍራል» የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። እኔ አልስማማም። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉት የመላእክት ፊቶች ቦታቸው እዚያ ነው፤ ቅዱስ ሥዕልን ለዘበኝነት መቅጠር ለሥዕሉም አይመጥን፣ አንድ ሰካራም የሸናበት ዕለትም የሚነሣው ጠብ ከሽንቱ የከፋ ነው። በዚያ ፈንታ ከግንቡ ሥር የድንጋይ መደብ ሥሩ። አዛውንት የሚቀመጡበት ቦታ ላይ የሚሸና የለም። በአቅራቢያው ያለውን መጸዳጃ የሚያመለክት ቀስትም ሣሉ፤ የተጨነቀ ሰው ክልከላ አይበቃውም፣ መንገድ ይፈልጋል።

ግድግዳ ለሌለው ቦታ የገል ሥራ አለ። እያንዳንዱ ቤት የተሰበረ ጀበና፣ ስኒ ወይም ሳህን ያምጣ። የጀበና አንገት ከነጆሮው የቀረ ከሆነ አትሰባብሩት፤ እንዳለ ሲለጠፍ ከሩቅ ይለያል፣ ባለቤቲቱም ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። የገሉን ስለት በድንጋይ ሞርዱ፣ ከዚያ ገሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ደረቅ ሸክላ የሲሚንቶውን ውሃ ስለሚመጥ ሳይይዝ ይረግፋል። አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ አሸዋ በሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይለጠፋል፤ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ካሬ ሜትር አትለፉ፣ ይደርቅባችኋል። ገሉ እስከ ግማሹ እስኪገባ በመዳፍ ይጫናል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በረጠበ ጆንያ ይጠረጋል፣ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጭበታል።

ሦስተኛው ሐሳብ ከጀርመን የመጣ ነው፤ ለጎንደር የተሰፋ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆሴፍ ቦይስ የተባለ ሠዓሊ በካሰል ከተማ ሙዚየም ፊት ለፊት 7,000 የባዛልት ድንጋይ አስከመረ። ከክምሩ አንድ ድንጋይ የሚነሣው አንድ ዛፍ ሲተከል ብቻ ነው፤ ድንጋዩም ከዛፉ ጎን ይቆማል። ክምሩ አልቆ የመጨረሻው ዛፍ የተተከለው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1987 ነው። የእኛ አብያተ መንግሥታት የተገነቡበት ድንጋይም ባዛልት ነው፤ ካብ ሲፈርስ በየሜዳው የሚቀረው እሱ ነው። ከጽዳት የለያችሁትን ድንጋይ በቦታው መሐል ከምሩት። ችግኙን ክረምቱን ያሻገረ ቤት ጥቅምት ላይ አንድ ድንጋይ ወስዶ ከችግኙ ጎን ያቁም፣ ስሙን ወይም ምልክቱን በኖራ ይጻፍበት። የቀረው ክምር ማን እንደዘገየ ይናገራል።

ጎማ ቀለም ቀብቶ አበባ መትከል የለመደብንን ግን ተዉት። ከተማው ሁሉ አንድ ዓይነት ጎማ ሆነ።

7. የበጋው ተራ

መትከሉ በደቦ ይሆናል፤ ማጠጣቱ ግን በወንፈል ነው። አሥር ቤት ካላችሁና እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ጀሪካን ካመጣ ከላይ የተሰላው 200 ሊትር ሞላ። አንድ ቤት ለቅሶ ወይም ጉዞ ሲያጋጥመው ጎረቤቱ ይተካለታል፣ በኋላም ይመለስለታል።

በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርገዋል። ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ አጠጡ። ዕቃ የታጠበበት ውሃ ለዛፍና ለአበባ ይሆናል፣ በረኪና ከገባበት ግን አይሆንም፣ በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይም አይፈሰስም። በግንዱ ዙሪያ ገለባ ወይም የታጨደ ሣር አልብሱ፤ ግንዱን እንዳይነካ ጥቂት ራቅ ይበል፣ አለዚያ ያበሰብሰዋል።

ሰው ይቀጥፋል። ለቡና ጤና አዳም፣ ለጥብስ የጥብስ ቅጠል፣ ለሻይ ጠጅ ሣር። ይቅጠፍ። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዟ ቶድሞርደን ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ የጀመሩ ሰዎች በየመንገዱና በፖሊስ ጣቢያው ፊት ሳይቀር የሚበላ ተክለው «ውሰዱ» ብለው ነው የተዉት። እናንተም ከእግር መንገዱ ዳር የሚቀጠፈውን፣ ወደ ውስጥ የሚጠበቀውን ትከሉ። ከነሥሩ የተነቀለ ካለ በሚቀጥለው ቡና ላይ ስም ሳትጠሩ አንሡት፤ ወሬው ይደርሰዋል። ፍየል ከገባች ከባለቤቱ ጋር አትካሰሱ፤ የሚቀጥለውን የውሃ ተራ ስጡት።

8. ቦታው ለሌላ ሥራ ሲፈለግ

ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረማችሁት ቀን ሊመጣ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ሲደርስ ክረምት እስኪገባ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በጥር የተነቀለ ችግኝ አይተርፍም። እሬትና ጠጅ ሣር በማንኛውም ጊዜ ተከፋፍለው ይዛወራሉ። ከጥብስ ቅጠል መሐል እንጨቱ ያልጠነከረውን ቅርንጫፍ በስንዝር ቆርጣችሁ እርጥብ አሸዋ ላይ ሰክታችሁ ሥር አስይዙት። ዓመት ያልሞላው ወይራ ከነአፈሩ ተነሥቶ ጆንያ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ለመንቀል ከመሞከር ግንባታው እንዲያልፈው መደራደር ይሻላል፣ አንድ ዛፍ በፕላን ውስጥ ማስቀረት የማይቻል ነገር አይደለም። ማሰሮዎቹን በዙሪያቸው ቆፍራችሁ አውጡ፣ አንገታቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ። የገሉን ሥራ ከጅምሩ በግድግዳው ፈንታ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሠርታችሁት ከሆነ እንዳለ ይነሣል። ሰንሰሉን ለመንቀል አትድከሙ፤ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ሐምሌ ላይ አዲሱ ቦታ ዳር ብትሰኩት ይይዛል።